ዋጋ በራሱ ሲለጠፍ፦ ከደባርቅና ከቡይት ራስ ገበያ አንፃር

የዕለት ዋጋን ለደንበኛ ማሳወቅ የማያልቅ ሥራ ነው። ደባርቅና ዳባት ላይ ገብስና ባቄላ የሚሰበስብ ነጋዴ ጧት ጧት ለጎንደርም ለአዲስ አበባም ገዢዎች አንድ በአንድ ይደውላል፤ ያልተደወለለት ደንበኛ ይቀየማል። ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሚወስደው መንገድ፣ ቡይት ራስ ላይ እንግዳ የሚያሳድረውም ቢሆን የመኝታ ዋጋውንና የቀሩትን ክፍሎች ብዛት ለአስጎብኚዎች ሲያሳውቅ ይውላል። ይህን ሥራ ዛሬ ማሽን ሊረከበው ይችላል። አሠራሩ ከባድ አይደለም። አንባቢያን ይበልጥ እንዲያስቡበት የምንሻው ግን ማሽኑ መቼ ዝም እንደሚል ነው፤ ብዙዎች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው።

እንደሚታወቀው ነገሩ ለአገራችን ነጋዴ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 550/1999 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ከጀመረ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ላይ የተቆረጠውን ዋጋ በየገበያ ከተማው በተተከሉ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች፣ በሞባይል የጽሑፍ መልእክትና በ929 የስልክ መስመር አሰራጭቷል። ሰሌዳው የታመነው ግን ስላበራ አልነበረም። በላዩ የሚታየው ቁጥር በእርግጥ ከተፈጸመ ሽያጭ የተገኘ፣ የምርቱ ዓይነትና ደረጃውም የታወቀ ስለነበረ ነው። «ገብስ ይህን ያህል» ብሎ መለጠፍ ለገዢው ምንም አይነግረውም፤ የብቅል ገብስና የምግብ ገብስ አንድ ዋጋ የላቸውምና።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። የሚያስፈልጉት መዝገብ፣ መልእክተኛና ሰሌዳ ናቸው። መዝገቡ በኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥ ሠንጠረዥ ነው፤ ለምሳሌ ጉግል ሺትስ። ነጋዴው በስልኩ ከፍቶ የምርቱን ዓይነት፣ ደረጃውንና የኩንታሉን ዋጋ ይሞላል። ሰሌዳው የቴሌግራም ቻናል ሊሆን ይችላል። መልእክተኛው ደግሞ ከሠንጠረዡ ጋር የተያያዘ፣ አፕስ ስክሪፕት በሚባለው መሣሪያ የሚጻፍ አጭር ፕሮግራም ነው፤ በተቀጠረለት ሰዓት መዝገቡን አንብቦ በቴሌግራም ቦት አማካይነት ይለጥፋል። ለአንድ ነጋዴ ሥራ ነፃው አገልግሎት ከበቂ በላይ ነው። ኮምፒዩተር የሚያውቅ ወጣት በግማሽ ቀን ሊሠራው ይችላል።

ሰዓቱን ሲቀጥሩ ግን መጠንቀቅ ያሻል። ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ከጧቱ 1 ሰዓት እንዲለጥፍ የፈለገ ሰው 1 ብሎ ቢሞላ ማስታወቂያው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ይወጣል። የሰዓት ክልሉም የአዲስ አበባ መሆኑ ይረጋገጥ። ከዚህ ሌላ የጉግል ቀጠሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ በየትኛውም ደቂቃ ሊፈጸም ስለሚችል፣ ገበያው ከመጀመሩ ቀደም አድርጎ መቅጠር ይሻላል።

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። መልእክተኛው የሚሠራው ከነጋዴው ስልክ ላይ ሳይሆን ሩቅ አገር ካለ ማሽን ላይ ነው። ደባርቅ መብራት ቢጠፋ እርሱ አይጠፋም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መዝለቁን አንባቢያን ያስታውሳሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ ነጋዴው መዝገቡን መክፈት አይችልም፤ ማሽኑ ግን የመጨረሻውን ዋጋ አንሥቶ ለአዲስ አበባው ገዢ በየጧቱ ያበስራል። ገዢው ያንን አምኖ መኪና ይልካል። ከዚህ ይልቅ ምንም ባይለጠፍ ይሻል ነበር።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ዋጋ ዕድሜ መስጠት ነው። በሠንጠረዡ ላይ «አረጋግጫለሁ» የሚል የምልክት ሳጥን ይደረግ፤ ነጋዴው ዋጋው ባይለወጥም እንኳ በየጧቱ ምልክት ያድርግበት፤ ማሽኑም ከለጠፈ በኋላ ምልክቱን ያጥፋው። ምልክት ካላገኘ ዋጋ አይለጥፍም፤ «የዛሬ ዋጋ አልተረጋገጠም» ብሎ ብቻ ያልፋል። አንዳንዶች የቀኑን ቦታ «ዛሬ» በሚል ፎርሙላ ይሞሉታል። ይህ ትልቅ ወጥመድ ነው፤ ፎርሙላው በየቀኑ ራሱን ስለሚያድስ የከረመው ዋጋ የዛሬ ቀን ለብሶ ይወጣል። መጻፍ ያለበት ሰው ዋጋውን ያረጋገጠበት ቀን ነው።

የቡይት ራሱ አሳዳሪ ችግር ከዚህም ይጠብቃል። የክፍል ዋጋ በዶላር ታስቦ በብር ሲነገር፣ ምንዛሪው ሲለወጥ ማስታወቂያው ያረጃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ከ70 ብር በላይ ሆኗል። በዋዜማው የተሞላ የብር ዋጋ በማግስቱ በማሽን ቢለጠፍ ማን ይከስር እንደነበር መገመት አያዳግትም። ስለዚህ በመዝገቡ ዋናው ዋጋ በዶላር ይቀመጥ፤ የባንኩ የዕለቱ ምንዛሪ በሰው እጅ ይሞላ፤ ብሩን ሠንጠረዡ ያስላ። የቀሩት ክፍሎች ብዛት ደግሞ የአንድ ቀን ዕድሜ እንኳ አይገባውም። የመጨረሻው ክፍል በስልክ ከተያዘ በኋላ ማሽኑ «አንድ ክፍል አለ» ቢል ሁለት እንግዶች በአንድ በር ይገናኛሉ።

«ያረጀ ዋጋ ተለጥፎ ቢገኝ በዚያ ዋጋ ለመሸጥ እገደዳለሁን?» ለሚሉ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1687 የዋጋ ዝርዝርን በሕዝብ ፊት መለጠፍ በራሱ እንደ ውል ጥሪ አይቆጥረውም። ለአንድ ደንበኛ ለይቶ «50 ኩንታል በዚህ ዋጋ አቀርብልሃለሁ» ብሎ የሚልክ ማሽን ግን ሌላ ነገር ነው፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መልእክት የሚደረግን ስምምነት ያውቃልና። እንዲህ ያለውን መልእክት ለማሽን ባይሰጡት እንመክራለን።

አንድ ነገር ይቀራል። ቦቱ ሲከፈት ቴሌግራም ቶከን የሚባል ረጅም ቁልፍ ይሰጣል። ይህን ቁልፍ የያዘ ሁሉ በቻናሉ ላይ በነጋዴው ስም የፈለገውን ዋጋ ሊለጥፍ ይችላል። ስለዚህ ሠራተኞች በሚያዩት ሠንጠረዥ ላይ አይጻፍ፤ ፕሮግራሙን የሠራው ወጣት ሥራውን ሲያስረክብም ባለቤቱ አሮጌውን ቁልፍ ሰርዞ አዲስ ያውጣ።