ስዊችና ሪስቶር፤ ለታሪክና ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች የጊት ትምህርት

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ኮምፒዩተሩን ሲከፍት ብዙ ጊዜ የሚያገኘው «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «አሁን የመጨረሻው» የተባሉ ፋይሎችን ነው። ከእነዚህ ውስጥ መምህሩ ያረሙለት የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት አንድ ማታ ይፈጅበታል። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ጊት በሚባል መሣሪያ ከዚህ ችግር ከተገላገሉ ቆይተዋል፤ እኛ ግን የፕሮግራም ሠሪዎች ጉዳይ ነው ብለን ትተነዋል። ነገሩ ግን ጽሑፍ የሚጽፍን ሁሉ የሚመለከት ነው። በዚህ ጽሑፍ ከጊት ትእዛዞች ሁለቱን ብቻ፣ ይኸውም ስዊችንና ሪስቶርን፣ እንመለከታለን። ሁለቱን የማይለይ ሰው የሳምንት ድካሙን በአንድ መስመር ትእዛዝ ሊያጠፋው ይችላልና። (ትእዛዞቹን እዚህ እንደ አነጋገራቸው በፊደላችን ጻፍናቸው እንጂ ኮምፒዩተሩ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው።)

ጊትን በ2005 እ.ኤ.አ. የሠራው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። የመሣሪያው ተግባር መዝገብ መጠበቅ ነው። ጸሓፊው «ይህን ያዝልኝ» ባለው ቁጥር የጽሑፉን መልክ እንዳለ ያስቀምጣል፤ ይህ መዝገብ ኮሚት ይባላል። ኮሚቶች ሲከታተሉ አንድ መስመር ይሆናሉ፤ ከዚያ መስመር ተገንጥሎ ለብቻው የሚሄደው ደግሞ ብራንች፣ ማለት ቅርንጫፍ ነው። የጎንደር ሊቃውንት ለዚህ ነገር እንግዳ አይደሉም። የመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ሲለያይ፣ ሁለቱም ወገን የየራሱን መስመር ይዞ ቀጠለ።

ሌላው ጥቅሙ መዝገቡ በሙሉ በተማሪው በራሱ ኮምፒዩተር ላይ መገኘቱ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ሥራውን በኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ ብቻ ያኖረ ሰው ፋይሉ ዘንድ መድረስ አልቻለም። ጊት ግን ቅርንጫፍ ለመቀየርም ሆነ የቆየ ጽሑፍ ለመመለስ ኔትዎርክ አያሻውም። ለዕረፍት ወደ ሳንጃ ወይም ወደ መተማ ቆላ የሚወርድ ተማሪ ይህን ልብ ይበል።

አሁን ምሳሌ እንውሰድ። አንዱ ከሳንጃ፣ ሌላው ከመተማ የመጡ ሁለት ተማሪዎች ስለ መተማ ጦርነት በአንድነት ይጽፋሉ እንበል። የፋይሉ ስም «መተማ» ነው። «ዋና» በተባለው መስመር ላይ ከመጻሕፍት የተገኘው ሰፍሯል፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከድርቡሾች ጋር መግጠማቸው፣ በጥይት መመታታቸው፣ በዚያው ቁስልም ማረፋቸው። የሳንጃው ልጅ ደግሞ ከአገር ሽማግሌዎች የሰማውን ሊጨምርበት ይፈልጋል፤ ነገር ግን ገና ያልተመረመረ ስለ ሆነ ከዋናው ጋር ሊቀላቅለው አይገባም። «ጊት ስዊች -ሲ ቃል» ብሎ ሲጽፍ «ቃል» የተባለ አዲስ ቅርንጫፍ ይፈጠራል፤ እርሱም እዚያው ላይ ይቆማል። እዚያ ጽፎ ኮሚት ካደረገ በኋላ «ጊት ስዊች ዋና» ቢል ፋይሉ ወደ መጻሕፍቱ መልኩ ይመለሳል፤ «ጊት ስዊች ቃል» ቢል የሽማግሌዎቹ ቃል ተመልሶ ይመጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ጽሑፉ የጠፋ መስሎት ይደነግጣል። አልጠፋም፤ በሌላው ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጧል።

ኮሚት ያልተደረገ ለውጥ ቢኖርና ቅርንጫፍ መቀየሩ የሚያጠፋው ቢሆንስ? ስዊች አልሄድም ብሎ ይቆማል። የማይጋጭ ከሆነ ደግሞ ለውጡን ይዞ ይሻገራል። በዚህ በኩል ስዊች ጨዋ ትእዛዝ ነው ለማለት ይቻላል።

የሪስቶር ጠባይ ሌላ ነው። ሪስቶር ጸሓፊውን ከቆመበት ቅርንጫፍ አያንቀሳቅስም፤ የሚለውጠው የፋይሉን ይዘት ነው። ይህን ለመረዳት ጽሑፉ ሦስት ማረፊያ እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል፤ የምንጽፍበት ገጽ፣ ለኮሚት የተዘጋጀው የሚቆይበት ስቴጅ የሚባለው፣ በመጨረሻም ኮሚቱ ራሱ። «ጊት ሪስቶር --ስቴጅድ መተማ» ያለጊዜው ወደ ስቴጅ የወጣውን ያወርዳል እንጂ ገጹን አይነካም። «ጊት ሪስቶር --ሶርስ=ሄድ~1 መተማ» ከመጨረሻው በፊት የነበረውን ኮሚት መልክ አምጥቶ በገጹ ላይ ያኖራል። «ጊት ሪስቶር መተማ» ብቻ ሲባል ደግሞ ስቴጅ ላይ ያለው ቅጂ መጥቶ በገጹ ላይ ያለውን ይተካዋል፤ ስቴጅ ላይ አዲስ ነገር ካልወጣ ይህ የመጨረሻው ኮሚት ማለት ነው። «እርግጠኛ ነህን?» ብሎ አይጠይቅም። ወደ ኮሚትም ወደ ስቴጅም ያልገባ ጽሑፍ በጊት ዘንድ ቅጂ የለውም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ከተተካ ጊት ሊመልሰው አይችልም።

የመጻሕፍቶቻችንም ታሪክ እንደዚሁ ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1872 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ ጽፈው ከመቅደላ የተወሰደው ክብረ ነገሥት እንዲመለስ በጠየቁ ጊዜ፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ሁለት ቅጂ ስለ ነበረው አንዱን መለሰ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ሳይገለበጥ የተቃጠለ መጽሐፍ ካለ ግን ከማን ይጠየቃል?

እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ እነዚህ ሁለት ሥራዎች የሚሠሩት ቼክአውት በሚባል በአንድ ትእዛዝ ነበር፤ ይህም ብዙ ሰው አሳስቷል። ከላይ ባነሣነው ምሳሌ የመተማው ልጅ «መተማ» የተባለ ቅርንጫፍ ያለ መስሎት «ጊት ቼክአውት መተማ» ቢልስ? ቅርንጫፉ ካለ ወደዚያ ይወስደዋል። ከሌለ ግን ጊት «መተማ» የተባለውን ፋይል ነው የፈለገው ብሎ፣ ልጁ ኮሚት ሳያደርግ የጻፈውን ሁሉ ያጠፋበታል። በነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ጊት 2.23 ስዊችንና ሪስቶርን ለየብቻ አመጣ። «ጊት ስዊች መተማ» ሲባል ቅርንጫፉ ከሌለ እንዲህ ያለ የለም ብሎ ይመልሳል እንጂ ፋይሉን አይነካም። ቼክአውት ዛሬም ይሠራል፤ በእኔ አስተያየት ግን ለጀማሪ ሊያስተምሩት አይገባም።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች አሉ። የፋይል ስም በፊደላችን ሲሆን ጊት በቁጥር ድርድር እያሳየ ግራ ያጋባል፤ «ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ኮር.ኮትፓዝ ፎልስ» ቢባል በፊደላችን ያሳያል። ጊት ለውጥን የሚያነጻጽረው በመስመር በመስመር ስለ ሆነ፣ በዎርድ ሳይሆን በተራ የጽሑፍ ፋይል መጻፍና ከእያንዳንዱ አራት ነጥብ በኋላ አዲስ መስመር መጀመር ይሻላል። ያን ጊዜ ሪስቶር ከማለት አስቀድሞ «ጊት ዲፍ» የሚጠፋውን ዓረፍተ ነገር አንድ በአንድ ያሳያል። የሚያሳሳ ነገር ከተገኘ «ጊት ስታሽ» ለውጡን ከገጹ አንሥቶ ለብቻው ያኖረዋል፤ በኋላ «ጊት ስታሽ ፖፕ» ሲባል ይመልሰዋል።