ቱግ ለሚል ልጅ፣ ክፍል ውስጥ ሲተነኩሱት

ቶሎ ቱግ የሚል ልጅን የክፍል ጓደኞቹ ወዲያው ያውቁበታል። ቅጽል ስም ያወጡለታል፣ እርሳሱን ይደብቁበታል፣ በዴስኩ ሥር በእግራቸው ይነካኩታል። ተነስቶ ሲማታ መምህሩ የሚያየው እሱን ብቻ ነው። ልጅዎ እንዲህ ከሆነ ከዛሬ ማታ ይጀምሩ። አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ያዘጋጁ።

1. መጀመሪያ ያብሉት። ከትምህርት ቤት እንደገባ «ዛሬስ ማንን መታህ?» አይበሉት። ዩኒፎርሙን ይቀይር፣ መክሰሱን ይብላ።

2. ከዚያ ይጠይቁት። «ለምን መታኸው?» ሳይሆን «ከዚያ በፊት ምን ሆነ?» ይበሉት። የት፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ማን ምን እንዳለ፣ እሱ ምን እንዳደረገ ይጻፉ። አይፍረዱ፣ ይጻፉ ብቻ። አንድ ሳምንት ይቀጥሉ።

3. ቅዳሜ ደብተሩን ያንብቡ። የሚደጋገመውን ያስምሩበት። ብዙውን ጊዜ ጠቡ የሚነሳው የመምህር ዓይን በሌለበት ነው፦ ሰልፍ ላይ፣ በእረፍት ሰዓት፣ መምህራን ሲቀያየሩ፣ ሰርቪስ ውስጥ።

4. የንዴቱን ምልክት ይፈልጉ። ጆሮው ይግላል? ጥርሱን ይነክሳል? እጁን ይጨብጣል? መጀመሪያ የሚሰማውን አንዱን ራሱ ይምረጥ።

5. ለምልክቱ አንድ እንቅስቃሴ ይስጡት፦ እጁን ኪሱ ከትቶ ዞር ብሎ ይሂድ። ሌላ አይጨምሩበት፤ የተናደደ ልጅ ዝርዝር አያስታውስም። «ችላ በላቸው» ብቻውን አይበቃም። ለመማታት የተዘጋጀ እጅ ሌላ ሥራ ይፈልጋል።

6. አሁን ያለማምዱት። ዋናው ሥራ ይሄ ነው። እርስዎ ተንኳሽ ይሁኑ። በቀላሉ ይጀምሩ፤ የቤት ሥራ ሲሠራ እርሳሱን ይውሰዱበት። እጁ ኪሱ ገብቶ ዞር ካለ ወዲያው «ጎሽ!» ይበሉት። በማግስቱ ትንሽ ያክብዱት፤ ክርኑን ነካ ያድርጉት፣ ሲያወራ ድምፁን እያስመሰሉ ያሹፉበት። የሚያቆስለውን ቅጽል ስም እስከ መጨረሻው ያቆዩት። ያንንም ራሱ «እሺ፣ በለኝ» ካላለ አይጥሩት። እንባ ካቀረረ ያቁሙ። ከ5 ደቂቃ አይለፉ። ታላቅ ወንድሙን ተንኳሽ አያድርጉ፤ ጨዋታው እውነተኛ ጠብ ይሆናል። ሲለምደው ሚና ይቀያየሩ። እሱ ይተንኩስ፣ እርስዎ እጅዎን ኪስዎ ከተው ይሂዱ። መልስ ያጣ ተንኳሽ ምን ያህል እንደሚያፍር በራሱ ያየዋል።

7. ደብተሩን ይዘው የክፍል ኃላፊ መምህሩን ያነጋግሩ። በክስ አይጀምሩ። መቀመጫው ከተንኳሾቹ እንዲርቅ ይጠይቁ። ልጁ የንዴቱን ምልክት ሲያሳይ መምህሩ ጠመኔ ወይም ዳስተር አምጣ ብሎ እንዲልከው ይስማሙ። ጠብ ሲነሳ የጀመረውም እንዲጠየቅ ያሳስቡ፤ ይህ ካልሆነ የቤት ልምምዱ ሁሉ ውኃ ይበላዋል። ቅጣቱ ዱላ ከሆነ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ለሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንደሚሰጥ በትህትና ያስታውሱ።

8. ተማቶ የመጣ ቀን እርስዎም አይምቱት። እስኪበርድለት ይጠብቁ። ለመታው ልጅ ይቅርታ ይጠይቅ። የተተነኮሰበትን ለብቻው ለመምህሩ ይንገሩ፤ ሁለቱን አያቀላቅሉ። በማግስቱ ልምምዱን ከቀላሉ ይጀምሩ።

9. ቤትም ትምህርት ቤትም ተራ መጠበቅ፣ መቀመጥና ማዳመጥ ካቃተው፣ ይህም ከ6 ወር በላይ ከቆየ፣ ልምምዱን ሳያቋርጡ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የአእምሮ ጤና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ሪፈር ያጽፉለት። ኤዲኤችዲ የሚባለው ችግር ሊሆን ይችላል፤ የባለጌነት ጉዳይ አይደለም፣ እርዳታም አለው። ደብተሩንም ይያዙ፤ ሐኪሙ መቼ፣ የትና ምን ያህል ጊዜ ብሎ ይጠይቅዎታል።