ስለ አምልኮተ ጣዖት፤ የናሱ እባብና የአንገት ክታብ

እግዚአብሔር በሲና ተራራ ለሙሴ ሕግን በሰጠ ጊዜ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ከእርሱ በቀር ሌላ አምላክ እንዳይመለክ፥ የተቀረጸም ምስል እንዳይሰገድለት አዘዘ (ዘጸ. 20፥3-5)። ጣዖት የሚለው ቃል ወደ ግእዛችን ከአራማይስጥ የገባ ሲሆን፥ ምሥጢሩ ስሕተት፥ መሳት ማለት ነው። እንግዲህ ቃሉ የሚነቅፈው እንጨቱን ወይም ድንጋዩን አይደለም፤ የሚሰግድለትን ሰው መሳት ነው እንጂ።

ከጣርማ በር ቁልቁል ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ፥ ደጋው በድንገት ሲያልቅበትና የይፋት ቆላ ሲቀበለው በየወንዙ ዳር ዋርካና ሾላ ያያል። ዛፉ ምንም በደል የለበትም፤ ሽማግሎች ከሥሩ ተቀምጠው ደም ያደርቃሉ፥ ከብትም ይጠለልበታል። ግንዱ ቅቤ ሲቀባ፥ አድባር ተብሎ ስለት ሲገባለት፥ ገብስማ ዶሮ ሲታረድለት ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። ይፋት ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ገበያ የሚውሉበት አገር ስለ ሆነ፥ አንዳንዱ ክርስቲያን ይህን ልማድ ከጎረቤቴ ወረስሁት ብሎ ያመካኛል። ምክንያቱ አይረባም፤ የጎረቤቱም ሸኽ ይህንኑ ሲገሥጽ ይሰማልና። ቅዱስ ጳውሎስም አሕዛብ የሚሠዉት ለአጋንንት መሆኑን ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ምክንያት የሚሆን በር አልተወም (1ቆሮ. 10፥20)።

ይሁን እንጂ በዛፍ ሥር ያለው ጣዖት በግልጥ የሚታይ ስለ ሆነ ለመገሠጽ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከመልካም ነገር የሚወለደው ነው። በበረሃ እባብ የነደፈው እስራኤላዊ አይቶት ይድን ዘንድ ሙሴ የናስ እባብ ሠርቶ በዓላማ ላይ ሰቀለ (ዘኍ. 21፥8-9)። የሠራው በእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው፤ ጌታችንም በዮሐንስ ወንጌል ለስቅለቱ ምሳሌ አድርጎታል። ዳሩ ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ሕዝቡ ለዚያው ናስ ዕጣን ሲያጥኑለት ተገኙ፤ ንጉሡ ሕዝቅያስም ሰባበረው፥ ነሑሽታንም ተባለ (2ኛ ነገ. 18፥4)። ጌዴዎንም እንዲሁ ነው። የበኣልን መሠዊያ በሌሊት ያፈረሰ እርሱ፥ በኋላ ከምርኮ ወርቅ ኤፉድ አሠራ፤ ኤፉዱም ለቤቱ ወጥመድ ሆነ (መሳ. 8፥27)። ጣዖት ሰባሪው ጣዖት ሠሪ ሆነ ማለት ነው።

በዘመናችንም ትውልድና ወገን መልካም ስጦታ ናቸው። ማንም እናቱንና አገሩን ቢወድ አይነቀፍም። ነገር ግን ዘሩን ከጥምቀቱ ያስቀደመ ሰው ለዘሩ ዕጣን ማጠን ጀምሯል፤ ከዕጣኑም በኋላ ደም ይፈለጋል። መዝሙረኛው ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸውን ለአጋንንት ስለ ሠዉ ሰዎች ይናገራል (መዝ. 105፥37)፤ ይህን ስናነብ የከነዓንን ነገር ብቻ የምናነብ ይመስለን ነበር። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፥ እሳቱም ለሸዋ ሮቢት ሲተርፍ፥ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ራሱ ከሸዋ ሮቢት ሲደርስ፥ የዚያ መዝሙር ትርጓሜ በዓይናችን ፊት ተጻፈ። የማን ወገን ምን አደረገ ብሎ መዘርዘር የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። ስለ ገንዘብም ብዙ አንናገርም፤ ሐዋርያው መጐምጀትን ጣዖትን ማምለክ ብሎ በስሙ ጠርቶታል (ቆላ. 3፥5)፥ ሰሚውም ያውቀዋል።

እኛ ካህናት ግን የራሳችንን ነሑሽታን ሳንናገር ብናልፍ ግብዞች እንሆናለን፤ ይኸውም ክታብ ነው። ብራናው የመጽሐፍ ብራና ነው፤ ቀለሙም ወንጌል የሚጻፍበት ቀለም ነው። ጸሐፊውም ከቃልቻ ቤት አልመጣም፤ ዳዊት ደግሞ፥ ዜማ ተምሮ፥ ከእኛው ጉባኤ የወጣ ነው። የቅዱሳንን ስም ከማይታወቅ አስማት ጋር ደባልቆ ይጽፋል፤ የሰውን ስም በፊደል ቈጥሮ፥ በአውደ ነገሥት ኮከቡን ያወጣለታል። ለመስቀልና ለሥዕል የአክብሮት ስግደት እንሰግዳለን፤ ይህ ስግደት ወደ ባለቤቱ ያልፋልና። ክታብ ግን ወደ ማንም አያሳልፍም፤ ተስፋውንና ፍርሃቱን በቆዳ ሰፍቶ እዚያው ያስቀራል።

ይህስ በምን ይወገዳል? ከሸዋ ሮቢት ሽቅብ ስንወጣ የምናገኛትን ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426-1460 ዓ.ም.) በጥንቆላና ደስክ፥ ዲኖ በተባሉት ላይ የጸና ተጋድሎ አድርገዋል፤ ሕዝቡ ሰይጣንን የሚክድበትን ቃል ጽፎ በላዩ እንዲይዝ አዘዋል። ስለ ቅንዓታቸው እናከብራቸዋለን። ነገር ግን በዚያው ዘመን የንጉሡ ልጆች ሳይቀሩ ደስክና ዲኖን አመለኩ ተብለው በክስ መቀጣታቸውን፥ ከእነርሱም የሞቱ መኖራቸውን፥ ከሳሾቹም ሐሰተኞች እንደ ነበሩ ዜና መዋዕላቸው ይመሰክራል። የሰይፍ ፍርሃት የጣዖትን ፍርሃት አልነቀለውም፤ በላዩ ተደረበበት።

ይህን የምንለው ከቆላው ያገኘነው ነገር ስላለ ነው። አንዲት እናት ሕፃን ልጇን ይዛ ወደ ጠበል መጣች። ልጁ በትኵሳት ይነድዳል፤ ከማተቡ አጠገብ በቆዳ የተሰፋ ክታብ አለ። ሁለት ፍየል ሸጣ አጽፋዋለች፤ ጸሐፊውም ከአንገቱ ከወረደ፥ ወይም መርፌ ከነካው፥ ልጁ ይሞታል ብሎ አስፈራርቷታል። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ሳትወስደው ስምንት ቀን አልፏል። ቍጣ ያዘን፤ ክታቡን በምላጭ ልንቈርጠው እጃችንን ዘረጋን፥ ከዚያም ሰበሰብን። ቈርጠን ሳለን ልጁ ቢሞት፥ ጸሐፊው እውነቱን ተናገረ ባለች ነበር። ስለዚህ ተቀምጠን፥ «ልጄ፥ የምትፈሪው ምንድር ነው?» ብለን ጠየቅናት። «አባቴ፥ ሁለት ቀብሬአለሁ» አለችን።

ብዙ ተነጋገርን። ልጁ ከጠበሉ ከተጠመቀ በኋላ አብረናት ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ደሙ ሲመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ፥ መድኃኒትም ተሰጠው። በሳምንቱ ልጁን አዝላ ተመለሰች፤ ክታቡንም በገዛ እጅዋ ፈትታ ሰጠችን። ቆዳውን ስንተረትረው የእመቤታችን ስም በማይታወቁ ቃላት መካከል ተጽፎ አገኘን። ለእሳት ልንሰጠው ስንል ስለ ስምዋ እጃችን ተያዘ። ሕዝቅያስም የሙሴን የእጅ ሥራ ሲሰባብር እጁ ሳይያዝ አልቀረም ብለን አሰብን። ስምዋን ከብራናው ፍቀን አወጣን፥ የቀረውን አቃጠልን።