ቾላዎች፦ በግድግዳ ላይ የተቀረጸ አደራ

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ የደቡብ ሕንድ ነገሥታት ሲነሱ የቾላዎች ስም ከፊት ይመጣል። እነማን ነበሩ?

አዛውንቱ፦ የካቬሪን ወንዝ ይዘው የገዙ የታሚል ነገሥታት ናቸው፣ ልጄ። ስማቸው የቆየ ነው፤ የሰሜን ሕንዱ ንጉሥ አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ባስቀረጸው አዋጅ ከግዛቱ ውጭ ያሉ ጎረቤቶች ብሎ ይጠቅሳቸዋል። ኋላ ለረጅም ዘመን ተዳክመው ቆዩና፣ በ850 እ.ኤ.አ. ገደማ ንጉሣቸው ቪጃያላያ የታንጃቩርን ከተማ ሲይዝ አንሰራሩ።

ወጣቱ፦ ባሕር ተሻግረው ወግተዋል ይባላል።

አዛውንቱ፦ እውነት ነው። ቀዳማዊ ራጃራጃ ሰሜን ስሪላንካን ያዘ። ልጁ ራጄንድራ ጦሩን እስከ ጋንጅስ ወንዝ ላከ፤ በ1025 ደግሞ የቻይና ንግድ የሚያልፍበትን የባሕር መንገድ የተቆጣጠረውን የስሪቪጃያ መንግሥት በመርከብ ወጋ። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ጦራቸው ሳይሆን መዝገባቸው ነው።

ወጣቱ፦ ምን መዝገብ?

አዛውንቱ፦ ራጃራጃ በ1010 በታንጃቩር ያስጨረሰው የሂንዱ አምላክ የሺቫ ቤተ መቅደስ በግራናይት የታነጸ ነው፤ ማማው ከ60 ሜትር ያልፋል። ጎብኚው ሽቅብ አንጋጦ ያደንቃል። ግድግዳው ዘንድ ጠጋ ያለ ሰው ግን ንጉሡና እህቱ የሰጡትን ወርቅ ከነክብደቱ፣ ለአገልግሎት የመጡትን 400 ሴት ተወዛዋዦች በየስማቸው፣ የተሰጣቸው ቤት ሳይቀር ተቀርጾ ያገኛል።

ወጣቱ፦ የንጉሥ ክብር ማሳያ አይሆንም?

አዛውንቱ፦ ክብርም አለበት። ነገር ግን በአደባባይ የተጻፈን ስጦታ መካድ ይከብዳል። ይኸው ጥንቃቄ ከቤተ መንግሥት ርቆ፣ በግዛታቸው ባለችው በኡቲራሜሩር መንደርም ይታያል። በ920 ገደማ የተቀረጸው ደንብ የመንደሩ ኮሚቴዎች በዕጣ እንዲመረጡ ያዝዛል። ስም በዘንባባ ቅጠል ላይ ይጻፋል፣ እንስራ ውስጥ ይገባል፣ አንድ ሕፃን ያወጣል። ተመራጩ ከ35 እስከ 70 ዓመት የሆነው፣ ግብር የሚከፈልበት መሬት ያለው መሆን አለበት። ቀድሞ ተሹሞ ሂሳብ ያላስረከበ፣ እሱም የቅርብ ዘመዶቹም ዕጣ ውስጥ አይገቡም።

ወጣቱ፦ ይህማ ዴሞክራሲ ነው!

አዛውንቱ፦ አታጋነው። የብራህማኖች፣ ማለትም የሂንዱ የካህናት ወገን፣ መንደር ነበር፤ መሬት የሌለውና ከዝቅተኛ ወገን የተወለደው ቦታ አልነበረውም። ሆኖም ሂሳብ ያላወራረደን ከሹመት ማገድ ዛሬም ብዙ አገር የቸገረው ነገር ነው።

ወጣቱ፦ የቾላዎች መጨረሻስ?

አዛውንቱ፦ ፓንድያዎች የሚባሉት ሌሎች የታሚል ነገሥታት በረቱባቸውና በ1279 ገደማ ዙፋናቸው ጠፋ። የታንጃቩሩ ቤተ መቅደስ ግን ዛሬም ይጸለይበታል። የጥንቱ የቾላ ንጉሥ ካሪካላ ሠራው የሚባለው የካላናይ ግድብም፣ በየዘመኑ እየተጠገነ፣ ለሩዝ ማሳዎች ውሃ ያከፋፍላል። ስለዚህ የአንድን መንግሥት ትልቅነት ስትመዝን ስንት አገር እንዳስገበረ ብቻ አትጠይቅ፤ የሕዝቡን ሀብት ምን ላይ እንዳዋለ በግልጽ ጽፎ እንደሆነም ጠይቅ።