ትምህርት አሥራ አንድ፦ ደገፈ እና ተደጋገፈ

ሀ. የቋንቋ ትምህርት

ተማሪዎች፣ ባለፈው ትምህርት ግስ በአምስቱ አዕማድ እንደሚረባ ተመልክተናል። ዛሬ «ደገፈ» የሚለውን ግስ እንውሰድ። ደገፈ አድራጊ፣ ተደገፈ ተደራጊ፣ አስደገፈ አስደራጊ፣ ተደጋገፈ ተደራራጊ፣ አደጋገፈ ደግሞ አደራራጊ ነው። ያዘመመ ግድግዳ በእንጨት ይደገፋል፤ ሽማግሌም ምርኩዙን ተደግፎ ይሄዳል። ሰው ሰውን ደገፈ ስንልም ሥዕሉ ከዚያው ከግድግዳው ከእንጨቱ የራቀ አይደለም።

ከአምስቱ መካከል ተደራራጊው የተለየ ጠባይ አለው። «ልጁ ደገፈ»፣ «ልጁ ተደገፈ» ብንል ባለቤቱ ነጠላ ቢሆንም ዓረፍተ ነገሩ ይቆማል። «ልጁ ተደጋገፈ» ብለን ብናቆም ግን ሰሚው «ከማን ጋር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ተደራራጊ ግስ ባለቤቱ ብዙ ካልሆነ «ከእገሌ ጋር» የሚል ማሟያ ይሻል። ተረዳዳ፣ ተነጋገረ፣ ተጠያየቀ፣ ተዋደደ የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ብቻውን የሚኖር ሰው እነዚህን ግሶች ስለ ራሱ ሊናገርባቸው አይችልም። አደራራጊው ግን ሦስተኛ ሰው ያስገባል፤ አገናኘ፣ አዋደደ፣ አቀራረበ ስንል ሁለቱን ወገን አንድ ላይ ያመጣ ሌላ ሰው መኖሩን እናውቃለን።

ከዚህ በታች ያለውን ምንባብ በምታነቡበት ጊዜ አድራጊውን፣ ተደራራጊውንና አደራራጊውን እየለያችሁ ሂዱ።

ለ. ምንባብ

የባሌ ደጋ የስንዴና የገብስ አገር ነው። ከሮቤ ወደ ደቡብ ጥቂት ከተጓዙ ጎባ ይገኛል፤ ከጎባ በላይ መንገዱ ወደ ሰነቴ አምባ ይወጣል፤ በዚያም 4377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ቆሟል። ብርዱ ብርቱ ነው። በየገጠሩ ያደጉ ልጆች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደነዚህ ከተሞች መጥተው ክፍል ይከራያሉ። ስንቃቸውን ከቤት ያመጣሉ፤ ራሳቸው ያበስላሉ፤ ሲመሽም በራቸውን ዘግተው ያጠናሉ።

ከብዙ ዓመታት በፊት ከሁለቱ ከተሞች በአንደኛው የዘጠነኛ ክፍል አማርኛ መምህር ነበርሁ። አንድ ቀን «እኔና ኑሮዬ» የሚል ርእስ ሰጥቼ ተማሪዎቹ አንድ ገጽ ጽፈው እንዲያመጡ አዘዝሁ። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ዝምተኛ ልጅ ያስረከበኝ ወረቀት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የሰፈረበት ነበር፤ «የሚጠይቀኝ ሰው የለም» ይላል። እኔም በቀይ እስክርቢቶ «ምን ብሎ የሚጠይቅህ? አሳቡ አልተሟላም» ብዬ ጻፍሁና ከ10 2 ሰጠሁት።

አሳቡ የተሟላ ነበር። በአማርኛ «ጠየቀ» ማለት ጥያቄ አቀረበ ማለት ብቻ አይደለም፤ በሽተኛ ይጠየቃል፤ እስረኛ ይጠየቃል፤ ከመንገድ የቀረ ዘመድም ይጠየቃል። ቋንቋውን በትምህርት ቤት የተማረው የኦሮምኛ ተናጋሪ ልጅ ቃሉን በሚገባው ፍቺ ሲጽፈው፣ በአማርኛ አፌን የፈታሁት መምህሩ ሳላስተውለው ቀረሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ ከትምህርት ቤት ጠፋ። የተከራየበትን ቤት የምታውቅ አንዲት የክፍሉ ተማሪ ለእናቷ ነገረቻቸው። እናትየዋ ሄደው አዩት፤ በማግስቱም ወደ መምህራን ክፍል መጡና «የኔታ፣ ልጁ ወባም የለበት፣ ጉንፋንም የለበት። እንቅልፍ አጥቷል፤ የመጣለት ስንቅም ሳይነካ ተቀምጧል። ዕድራችን ሰው ሲሞት ሁላችንን ይሰበስባል። ይህ ልጅ ግን እንዲሰበሰቡለት መሞት አለበት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እኒያ እናት ያደረጉት ነገር ትልቅ አይመስልም። ከልጁ አገር አጠገብ የመጡ ሁለት ተማሪዎች በጎረቤት መኖራቸውን ያውቁ ስለነበር ሦስቱ አንድ ክፍል እንዲጋሩ አደረጉ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይዘውት ሄዱ፤ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ደግሞ በልጃቸው ያስጠሩታል። ልጁ ወዲያው አልዳነም። ብዙ ሳምንት ከክፍል ጓደኞቹ ተለይቶ ይቀመጥ ነበር፤ በዚያ ሴሚስተር ያመለጠውን ትምህርትም አላካካሰውም። ዓመቱ ሲገባደድ ግን እንቅልፉ ተመልሶለት ነበር።

ሐ. ማብራሪያ

የዓለም ጤና ድርጅት በ1948 እ.ኤ.አ. በጸናው ሕገ ደንቡ ጤናን ሲተረጉም ከአካል ደኅንነት ጋር የአእምሮንና የማኅበራዊ ኑሮን ደኅንነት አንድ ላይ አስቀምጧል። ይህን ማኅበራዊ ድጋፍ የሚባለውን ነገር ተመራማሪዎች እንዴት ይለኩታል? በአገራችንም በብዙ ጥናቶች የሚሠራበት አንድ መጠይቅ ሦስት ጥያቄዎች ብቻ አሉት። የመጀመሪያው ከባድ ችግር ቢደርስብህ የምትተማመንባቸው የቅርብ ሰዎች ስንት ናቸው ይላል። ሁለተኛው ሰዎች ለምትሠራው ነገር ምን ያህል እንደሚያስቡልህ፣ ሦስተኛው በሚያስፈልግህ ጊዜ ከጎረቤት ርዳታ ማግኘት ምን ያህል እንደሚቀልህ ይጠይቃል። ድምሩ ከ3 እስከ 14 ሲሆን ከ8 ያልበለጠ ውጤት ድጋፉ ደካማ መሆኑን ያሳያል። በኑሮ መርካትም እንዲሁ ይለካል፤ ኤድ ዲነርና ባልደረቦቹ በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጡት መለኪያ አምስት ዓረፍተ ነገሮችን ሰጥቶ አንባቢው በእያንዳንዱ የሚስማማበትን መጠን ከ1 እስከ 7 ባለው ቁጥር እንዲያመለክት ያደርጋል።

በ2010 እ.ኤ.አ. የ148 ጥናቶችን ውጤት ያጠናቀረ አንድ ሥራ ከሌሎች ጋር ጠንካራ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከሌላቸው ይልቅ በ50 በመቶ ያህል ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። የዓለም ጤና ድርጅት ኮሚሽንም በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ከስድስት ሰዎች አንዱ ብቸኝነት እንደሚሰማው አስታውቋል፤ ወጣቶችም በዚህ ቁጥር ውስጥ ድርሻቸው ትልቅ ነው።

እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን ብቻውን አያስረዳም። ብቸኝነት ሰውን ያስጨንቃል፤ የተጨነቀ ሰውም ከሰው ይሸሻል፤ ሲሸሽ ደግሞ የሚጠይቁት ያንሳሉ። ምክንያትና ውጤት እዚህ ቦታ እየተለዋወጡ ይዞራሉ። በምንባቡ ያለው ልጅ መጀመሪያ ብቸኛ ሆኖ ነውን የታመመው? ወይስ ታሞ ነው ከሰው የሸሸው? እኔ እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። እናትየዋም ይህን ሳይጠይቁ ነው የረዱት።

ስለ ዕድር የተናገሩትም ቢታሰብበት መልካም ነው። ዕድር ወርኃዊ መዋጮ ይሰበስባል፤ ድንኳን፣ ወንበርና የሻይ ብርጭቆ ያዘጋጃል፤ ሐዘንተኛው በቤቱ ብቻውን እንዳይቀመጥ ያደርጋል። ይህ በቀላሉ የማይገኝ ሀብት ነው። ነገር ግን ዕድር የሚንቀሳቀሰው መርዶ ሲሰማ ነው፤ እንቅልፍ ላጣ ሰው ጥሩንባ አይነፋም። ደቦም ቢሆን በባሌ ሜዳ ላይ እንደ ቀድሞው አይደለም። በብዙ ቦታ ስንዴውን ኮምባይነር ያጭደዋል፤ የገበሬው ወገብ ዐርፏል፤ ሰዎችን አብሮ ያውል የነበረው ሥራ ግን በዚያው መጠን ቀንሷል። ኮምባይነሩ ይቅር አንልም።

ሐዘንና ጭንቀት በማንም ላይ ይደርሳሉ፤ ከቀናት በኋላም ይቀላሉ። ያለ ማቋረጥ ሁለት ሳምንት ከቆዩ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከጠፋ ወይም የመሞት አሳብ ከመጣ ግን ነገሩ ሕክምና የሚሻ ነው። የመሞት አሳብ የመጣ እንደሆነ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ ለምታምኑት ትልቅ ሰው ዕለቱን ተናገሩ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ሂዱ። ጓደኛችሁ ይህን በምስጢር ቢነግራችሁም ከምስጢሩ ሕይወቱ ይቀድማል።

መ. መልመጃ

1. ከምንባቡ ሁለት ተደራጊ ግሶችን አውጡና ወደ አድራጊ ለውጧቸው።

2. ጠየቀ፣ ረዳ፣ ነገረ የሚሉትን ግሶች ወደ ተደራራጊ አርብታችሁ በዓረፍተ ነገር አስገቧቸው። ባለቤቱ ነጠላ በሚሆንበት ጊዜ ምን ማሟያ እንዳስፈለጋችሁ አመልክቱ።

3. በምንባቡ ውስጥ አደራራጊ የሆነው ሰው ማን ነው? «ምክንያቱም» እና «ስለሆነም» የሚሉትን አያያዦች እየተጠቀማችሁ መልሱን በአንድ አንቀጽ አብራሩ።

4. በሠፈራችሁ ካለው ዕድር አንድ አባል ጠይቁ። ዕድሩ ከሞት ሌላ በምን ጊዜ ለአባሎቹ ይደርሳል? የሰማችሁትን ሁለት አንቀጽ አድርጋችሁ ጻፉ፤ የግለሰብ ስም አትጥቀሱ።

5. መምህሩ «የሚጠይቀኝ ሰው የለም» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ሥር በቀይ እስክርቢቶ ሊጽፍ ይገባው የነበረውን እናንተ ጻፉ።