ስለ አንድ ጥንታዊ የኢጣልያ ማንዶሊን

ማንዶሊን በኢጣልያ አገር የታወቀ፥ በመጠኑ አነስተኛ የሆነ ባለ አውታር የዜማ ዕቃ ነው። ጀርባው እንደ ተከፈለ ቅል የጎበጠ ሲሆን ፊቱ በስስ ሳንቃ የተከደነ ነው፤ በሳንቃውም ላይ ድምፅ የሚወጣበት ቀዳዳ አለው። አውታሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጠራሉ፤ ተጫዋቹም እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚስበው ሳይሆን በጣቱ ወይም በትንሽ መምቻ ይመታዋል።

በአሜሪካ አገር በደቡብ ዳኮታ፥ ቨርሚሊዮን በምትባል ከተማ ባለው ብሔራዊ የሙዚቃ ቤተ መዘክር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1680 ዓ.ም. የተሠራ አንድ ማንዶሊን ተጠብቆ ይኖራል። ሠሪው በ1737 ዓ.ም. የሞተው የክሬሞናው አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ ነው፤ እርሱም ይልቁን በቫዮሊን ሥራ ስሙ የገነነ ጠቢብ ነበረ።

መምህራን ሆይ፥ ይህን ልብ በሉ። የስትራዲቫሪ ቫዮሊኖች እስከ ዛሬ በብዙ መቶ ይቆጠራሉ፤ ከማንዶሊኖቹ ግን መትረፋቸው የታወቀው ሁለት ብቻ ናቸው። ከመጀመሪያውም የሠራው ቫዮሊን የበዛ ቢሆንም ሌላ ምክንያት ደግሞ አለ። ቫዮሊን ከተጫዋች ወደ ተጫዋች ሲተላለፍ ኖረ፤ በተጎዳም ጊዜ ይታደስ ነበር። የጥንቱ ማንዶሊን አውታር ግን ከእንስሳ አንጀት የተፈተለ ነበረ፤ በ18ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ በናፖሊ ከተማ፥ አራት ጥንድ አውታር ያለውና እንደ ቫዮሊን የሚቃኝ፥ ድምፁም የበረታ አዲስ ዓይነት ተነሣ። ሰውም አዲሱን ሲወድ አሮጌው ወደ ጎን ተባለ። የተተወ እንጨት ደግሞ የብልና የርጥበት ሲሳይ ይሆናል።

የቤተ መዘክር ጠባቂዎች የአየሩ ርጥበት እንዳይለዋወጥ ይጠነቀቃሉ፤ እንጨት ርጥበት ሲጠጣ ያብጣልና፥ ሲደርቅም ይሰነጠቃልና። በአሮጌውም ዕቃ ላይ አዲስ ቀለም አይቀቡም፤ የሠሪው እጅ ምልክት እንዳይጠፋ ነው።

የእኛም በገና አውታሩ የበግ አንጀት ነው፤ የሚደረድረው ሰው ባነሰበት ስፍራም ያው አደጋ ያገኘዋል። ስለዚህ በመንደራችሁ የአባቶች በገና ቢገኝ፥ ጢስና ዝናብ ከማይደርስበት ስፍራ ይሰቀል፤ ያለ ዐዋቂ አይፋቅ፥ አይቀባም። የሠሪው ስም፥ የተሠራበት ዘመንና የባለቤቱ ስም በወረቀት ይጻፍ። ከሁሉም አስቀድሞ፥ የሚያውቀው ሽማግሌ በሕይወት ሳለ ቅኝቱን ለልጆች ያስተምር፤ ዕቃው ቢተርፍ እንኳ ዜማው ከሰውዬው ጋራ ይቀበራልና።

ጥያቄ።
፩ኛ፤ የጥንቱ ማንዶሊን ከቫዮሊን ይልቅ የጠፋው ስለ ምንድን ነው?
፪ኛ፤ አሮጌ የዜማ ዕቃ አዲስ ቀለም የማይቀባው ለምንድን ነው?
፫ኛ፤ በመንደራችሁ የቆየ የዜማ ዕቃ የማን ነው? ቅኝቱንስ የሚያውቅ ማን ነው?