ወጣቶችን ከስካርና ከተስፋ መቁረጥ ስለ መጠበቅ

የሰው ሕይወት ከእግዚአብሔር የተሰጠ አደራ ነው። ይህንንም አደራ የሚጠብቀው ባለ ሕይወቱ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱም፣ ካህኑም፣ ማኅበሩም ጠባቂዎች ናቸው። ቃየል ስለ ወንድሙ በተጠየቀ ጊዜ ጠባቂው እንዳልሆነ ተናገረ፤ ነገር ግን ይህ መልስ ከፍርድ አላዳነውም። እኛም ስለ ወጣቶቻችን በተጠየቅን ጊዜ እንዲህ ያለ መልስ እንዳንሰጥ መጠንቀቅ ይገባናል።

ይህ ጉዳይ በተለይ በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ የሚያገለግሉትን ካህናት ይመለከታል። በየዓመቱ በክረምት ለአረም፣ ክረምቱም ሲወጣ ለሰሊጥ አጨዳ እጅግ ብዙ ወጣት ከደጋው አገር ወደዚህ ቆላ ይወርዳል። ወጣቱ በአገሩ ሳለ ወላጆች፣ የንስሐ አባትና የጽዋ ማኅበር ነበሩት። በቆላው ግን ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በሜዳ ያድራል፤ ወባውና ካላዛሩ ያሠጋዋል። ደመወዙን ተቀብሎ ወደ ከተማ ሲገባም ቀድሞ የሚቀበለው ካቲካላው፣ ጫቱና ሺሻው ነው። ገንዘቡን በጥቂት ሌሊት ከጨረሰ በኋላ ባዶ እጁን ወደ እናቱ ቤት መመለስ ያፍራል። ከእንዲህ ያለው ኀፍረት እስከ ተስፋ መቁረጥ ያለው መንገድ ደግሞ አጭር ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም በመተማ በኩል የገባው ስደተኛ ብዙ ስለ ሆነ የተጨነቀው ሰው ቍጥር ጨምሯል።

መጠጥ ኀዘንን የሚያስረሳ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ስካሩ ሲበርድ ኀዘኑ በርትቶ ይመለሳል፤ በስካሩም ጊዜ ማስተዋል ስለሚደክም ሰው አስቦት የማያውቀውን ነገር በድንገት ሊያደርግ ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው በየዓመቱ ከ720,000 የሚበልጡ ሰዎች ራሳቸውን በማጥፋት ይሞታሉ፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 ዓመት በሆኑት ዘንድም ይህ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። እንግዲህ ስለ ስካር የሚሰጠው ትምህርትና ስለ ተስፋ መቁረጥ የሚሰጠው ትምህርት ሊለያዩ አይገባም።

ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር በምን ዓይነት ሥርዓት እንደ ረዳው እናስተውል። አስቀድሞ አልገሠጸውም። መልአኩ ቀሰቀሰውና እንጀራና ውኃ ሰጠው፤ ደግሞም እንዲያርፍ ተወው። ከዚህ በኋላ ብሶቱን እንዲናገር ተጠየቀ፤ በመጨረሻም ሥራ ተሰጠው፣ ኤልሳዕም ረዳት ሆነለት። ምግብ፣ ዕረፍት፣ የሚሰማ ጆሮ፣ ሥራና ባልንጀራ፤ መለኮታዊው ሕክምና እነዚህ ናቸው። ተግሣጹን አስቀድሞ እነዚህን የሚያስቀር ካህን የሥርዓቱን ቅደም ተከተል ገለበጠ።

በቋራ አገር የሚያስተምር ሰው ሌላም ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ የዚህ አገር ተወላጅ ናቸው፤ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ በገዛ እጃቸው ማለፋቸውም በየዘፈኑና በየተረቱ ሲወደስ ይኖራል። ንጉሡን የምናከብራቸው ኢትዮጵያን አንድ ለማድረግ ስለ ደከሙት ድካም መሆኑን፣ አሟሟታቸው ግን ለተጨነቀ ወጣት አርአያ ሊሆን እንደማይገባ ግልጽ አድርጎ ማስተማር ያስፈልጋል። በቃል የሚወደስ ሞት በልብ እንደ መፍትሔ ሊቈጠር ይችላልና።

እንግዲህ በየአጥቢያው ሊደረግ የሚገባው ሥራ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ እንግዳውን ሠራተኛ መቀበል። የሥራው ወራት ሲደርስ ካህናትና የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት ወደ እርሻው ሰፈር ይውረዱ፤ የንስሐ አባት የሌለውን ይመዝግቡ፤ የታመመውን ይጠይቁ። ደመወዙንም ከመቀበሉ በፊት ከፊሉን ለቤተሰቡ እንዲልክ ወይም በባንክ እንዲያስቀምጥ ይምከሩት።

ሁለተኛ፤ ለወጣቱ የሚውልበትን ስፍራ ማዘጋጀት። በአይስላንድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1998 ዕድሜያቸው 15 እና 16 ከሆኑት ልጆች ባለፈው አንድ ወር ሰክረው የነበሩት ከመቶ 42 ነበሩ፤ በ2016 ግን 5 ብቻ ሆኑ። ይህ የሆነው በማስፈራራት አይደለም። ወላጆች በአንድነት ቃል ተጋብተው ልጆቻቸውን ስለ ጠበቁ፣ ልጆቹም ስፖርትና ዜማ የሚማሩበት ሰዓትና ስፍራ ስለ ተሰጣቸው ነው። ሰንበት ትምህርት ቤታችንም በሩን በእሑድ ብቻ ሳይሆን በሠርክም ይክፈት።

ሦስተኛ፤ ከራሳችን ማዕድ መጀመር። በሰንበቴውና በጽዋው ጠላና አረቄ ያለ ልክ እየቀዳን ወጣቱን ብንገሥጽ ማን ይሰማናል? ብርዝና ቀሪቦ ማኅበሩን አያሳንሰውም። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው አልኮልና ትምባሆ መሸጥ በዐዋጅ ቍጥር 1112/2011 የተከለከለ መሆኑንም መጠጥ ነጋዴ የሆኑት ምእመናን እንዲያውቁት ይነገራቸው።

አራተኛ፤ የሚጎዳውን ነገር ከእጅ ማራቅ። መርዛም የእርሻ መድኃኒት በየጎጆው ተጥሎ አይገኝ፤ ተቈልፎ ይቀመጥ። በስሪላንካ እጅግ መርዛሞቹ ፀረ ተባዮች ደረጃ በደረጃ ከተከለከሉ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1995 እስከ 2015 ራስን የማጥፋት ሞት በ70 ከመቶ ያህል ቀንሷል። የጭንቅ ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚያልፍ ነውና፣ ያን ሰዓት ያለፈ ሰው መኖር ይችላል።

አምስተኛ፤ ያለ ፍርሃት መጠየቅ። ስለ ሞት ማሰቡን በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን በልቡ ይዘራበታል የሚሉ አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። በርኅራኄ የተጠየቀ ሰው ሸክሙ ይቀልለታል። አዎን ብሎ ከመለሰ ብቻውን አይተውት። ቅዱስ ጳውሎስ የወኅኒ ጠባቂው ራሱን ሊገድል ሰይፍ በመዘዘ ጊዜ፣ እስረኞቹ ሁሉ በዚያው መኖራቸውን በታላቅ ድምፅ ነግሮ አዳነው። አለን የሚል ድምፅ ነፍስን ይመልሳል።

ስድስተኛ፤ ጠበሉንና ሐኪሙን አለማጣላት። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን በአንድነት እንዲወስዱ አስተምረዋል። ለአእምሮ ሕመምና ለሱስም ይኸው ይሠራል። ዘወትር ይጠጣ የነበረ ሰው መጠጡን በድንገት ሲያቋርጥ መንቀጥቀጥና መቃዠት ሊያገኘው፣ ለሞትም ሊያደርሰው ስለሚችል፣ ከጠበሉ ጋር የጤና ጣቢያው እርዳታ የግድ ነው። ካህኑም የንስሐን ምስጢር ሳይገልጥ ልጁን እጁን ይዞ ሊያደርሰው ይችላል።

ጥበቃው ሁሉ ተደርጎ ሞት ቢደርስስ? ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት መከልከሉ በእኛ ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ381 በተደረገው የቍስጥንጥንያ ጉባኤ የነበሩት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አባ ጢሞቴዎስ፣ አእምሮውን ስቶ ራሱን ስለ ጎዳ ሰው በተጠየቁ ጊዜ፣ ካህኑ ሰውየው በእውነት አእምሮውን ስቶ እንደ ነበረ አጥብቆ እንዲመረምር አዘዙ። ዘመዶች እውነቱን ሊሰውሩ እንደሚችሉም አስጠነቀቁ። ስለዚህ ካህኑ ሳይመረምር አይፍረድ፤ ከእርሱ በላይ የሆነውንም ለሊቀ ጳጳሱ ያቅርብ። ለሟቹ ፍትሐት በሚከለከልበት ጊዜ እንኳ ለእናቱ ማጽናናት አይከለከልም። ዕድርተኛው ከድንኳኑ ቢቀር፣ ጎረቤቱም በሹክሹክታ ቢያማ፣ በአንድ ሐዘን ላይ ሁለተኛ ሐዘን ይጨመራል፤ በዚያው ቤት የቀሩት ወንድሞችና እኅቶችም የጭንቃቸውን ነገር ለማንም እንዳይናገሩ ይፈራሉ።

ካህናት አባቶችና ምእመናን ሆይ! በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመተማ ስለ ድንበራችን ወደቁ፤ ከተማዋም በስማቸው መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ዛሬ በዚያው ድንበር የሚጠበቀው የወጣቶቻችን ነፍስ ነው። ለዚህም ጥበቃ ሰይፍ አያስፈልግም፤ በመከር ወራት በእርሻው ሰፈር የሚዞር ካህን፣ በሩ በሠርክ የሚከፈት ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ባዶ እጁን የተመለሰውንም ልጅ እንደ ጠፋው ልጅ አባት ሮጦ የሚያቅፍ ቤተሰብ ያስፈልጋል። የወደቁትን የሚያነሣ አምላክ ለዚህ ሥራ ኃይል ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።